«ጋሼ ታነቀብኝ»፦ ደብረ ማርቆስ ላይ በእጅ የተሰራ ሬዞናንት ፊልተር (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ጻፍኩት

እኔ ማርቆስ ውስጥ የድምፅ እቃ ጠጋኝ ነኝ፣ አምፕሊፋየር፣ ሚክሰር፣ ሞንታርቦ፣ የመጣውን ሁሉ። ይሄን የምጽፈው ትልቅ ነገር ስለሰራን አይደለም፣ የሰራነው 8 እግር ያላት አንዲት አይሲ፣ ማለትም ሙሉ ሰርኪዩት የታመቀባት ቺፕ፣ እና ትንሽ ሬዚስተርና ካፓሲተር ናት። የምጽፈው 4 ቀን ሙሉ ያንገላታን ችግር ፊልተሩ ውስጥ ስላልነበረ ነው፣ እኛ ግን ፊልተሩን ስንፈታና ስንበይድ ከረምን። ስም አልጠራም፣ ልጁን ልጁ፣ አጎቱን ባለማሲንቆው እያልኩ እሄዳለሁ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ቤተሰቦቹ ፍኖተ ሰላም ናቸው። አጎቱ ሰርግ ላይ ማሲንቆ ይጫወታል። ህዳር ላይ ልጁ የጫማ ካርቶን ይዞ ሱቄ መጣ፣ ውስጡ ኤንኢ555 በምትባል አይሲ የተሰራ ድምፅ ማውጫ አለ። ሀሳቡ ከማሲንቆው ስር ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ወፍራም ድምፅ ማስገባት ነው፣ እንደ በገና የሚያነዝር ነገር። ጥር ላይ አንድ ዘመዳቸው ሰርግ ስላለው እዛ ላይ እንሞክረዋለን ብሎ ቆርጧል።

555ቷ በደንብ ተሰርታለች፣ አልዋሽም። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከዛ 47 ኪሎ ኦም ከ50 ኪሎ ኦም ቮልዩም (በእጅ የሚዞር ሬዚስተር) ጋር በተርታ፣ ካፓሲተሩ 104 የሚል የተጻፈበት ማለትም 0.1 ማይክሮ ፋራድ። በስሌት ከ74 እስከ 150 ኸርዝ ድረስ ትሄዳለች፣ ባለማሲንቆውም መሃል አካባቢ 110 ላይ ወደዳት። ግን ሞንታርቦ ላይ ስትሰካት እንደ ተርብ ነው፣ ጆሮ ትበላለች። ባለማሲንቆው ሰምቶ ያላት «ይሄማ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው» ብቻ ናት።

ችግሩ ምንድነው

555 የምታወጣው ካሬ ሞገድ ነው፣ ላይ ታች ብቻ፣ መሃል የለውም። እንዲህ አይነት ሞገድ ውስጥ ዋናው 110 ኸርዝ ብቻ ሳይሆን 330፣ 550፣ 770 እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ጭፍራ አለ። ተርቡ ያ ላይኛው ጭፍራ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን የሚይዝ፣ ከታች ያለውን የሚያሳልፍ ወንፊት ያስፈልጋል፣ ሎው ፓስ ፊልተር የሚሉት እሱ ነው።

ግን ዝም ብሎ ላይኛውን መቁረጥ ድምፁን ያደክመዋል፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ስፒከር ይሆናል። ልጁ የፈለገው ህይወት ያለው ነገር ነው፣ ቁልፉን ስታዞረው አፍ እንደሚከፍት ሰው «ቡ... ቦ... ባ» የሚል፣ ከካዕብ ተነስቶ በሳብዕ አልፎ ራብዕ ላይ የሚከፈት። እሱን የሚያመጣው ሬዞናንስ ነው፣ ማለትም ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያለውን ድምፅ ለይቶ ከፍ ማድረግ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ልክ በሰዓቱ ስትገፋው ከፍ ከፍ እንደሚል ማለት ነው፣ ያለ ሰዓቱ ብትገፋው ይቆማል።

መጀመሪያ የሞከርነው

ልጁ መጀመሪያ ይዞ የመጣው የሮበርት ሙግን በትራንዚስተር የተሰራ መሰላል ፊልተር ስእል ነበር፣ ፓተንቱ በ1969 (እኤአ) የወጣው። ድምፁ ዝነኛ ነው ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል የሚሰሩ ትራንዚስተሮች ይፈልጋል፣ እኔ ጋ ያለው ከሞቱ ቦርዶች የተነቀለ ሰባራ ሰንጣራ ነው፣ ተው አልኩት።

ከዛ ቀላሉን ሞከርን፣ ሁለት ሬዚስተር ሁለት ካፓሲተር በተርታ፣ አይሲ የለ ባትሪ የለ። ተርቡ ቀነሰ፣ ግን «ባ» የሚለው ነገር ጭራሽ የለም። ሊኖርም አይችልም፣ ምክንያቱም ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ጉልበት ይበላሉ እንጂ አይመልሱም። የፊልተሩን ጫፍ ሹልነት የሚለካ ኪው የሚባል ቁጥር አለ፣ ሁለት እኩል ደረጃ በቀጥታ ሲቀጠሉና ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲጫነው ኪው 1/3 ነው። ለመዝፈን ቢያንስ 2 ወይም 3 መድረስ አለበት።

ስለዚህ ወደ ሳለንና ኪ ፊልተር ሄድን። ሁለቱ የኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው፣ ስራውን ያወጡት በ1955 (እኤአ) ነው፣ ያኔ አይሲ ስላልነበረ በቫኩም ቱዩብ አስበውት ነበር። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ድምፁ በአንድ ሬዚስተር ይገባል፣ መገናኛ ላይ ይደርሳል፣ በሁለተኛ እኩል ሬዚስተር አልፎ የአይሲዋ እግር 3 ላይ ይገባል። እግር 3 ላይ አንድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ (ቮልት የሚለካበት ዜሮ ነጥብ) ይወርዳል። ሁለተኛው ካፓሲተር ግን ወደ ግራውንድ አይሄድም፣ ከመሃሉ መገናኛ ተነስቶ ወደ መውጫው እግር 1 ይመለሳል። ዥዋዥዌውን የሚገፋው እጅ ያ ነው። ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ 1 ÷ (6.28 × ሬዚስተር × ካፓሲተር) ነው።

ካፓሲተሩን 22 ናኖ አደረግን፣ 223 የሚል የተጻፈበት፣ ከሞተ አምፕሊፋየር የቶን ቦርድ ላይ ነው የነቀልነው። ሬዚስተሩ ባለ ሁለት ድርብ 50 ኪሎ ኦም ቮልዩም ከ1 ኪሎ ኦም ጋር፣ ስለዚህ ከ142 ኸርዝ እስከ 7200 ኸርዝ ገደማ ይሄዳል። አይሲዋ ኤልኤም358። መብራት የሚሄድበት ወቅት ስለነበር በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሰራነው፣ ሁለት 10 ኪሎ ኦም አድርገን ግማሹን 4.6 ቮልት አወጣን፣ ባትሪው አዲስ ስለነበር 9.2 ነበር። ድምፁ እዛ ግማሽ ላይ ተንጠልጥሎ ላይ ታች እንዲል ማለት ነው። ያለ ሬዞናንስ ስንሞክረው ሰራ፣ በአንድ ማታ።

ታነቀ

በነጋታው የሬዞናንሱን ቁልፍ ጨመርን። ይሄ ፊልተር ላይ ሬዞናንስ የሚመጣው አይሲዋ ድምፁን በማባዛቷ ነው፣ ስንት እጥፍ እንደምታባዛው ጌይን ይባላል፣ ሁለቱ ሬዚስተርና ሁለቱ ካፓሲተር እኩል ከሆኑ ኪው 1 ÷ (3 − ጌይን) ነው። ጌይን 1 ሲሆን ኪው ግማሽ፣ 2 ሲሆን 1፣ 2.5 ሲሆን 2፣ 2.8 ሲሆን 5፣ 2.9 ሲሆን 10፣ 3 ሲደርስ ራሱ መጮህ ይጀምራል። ጌይኑን ለመስራት ከእግር 2 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም፣ ከእግር 1 ወደ እግር 2 ደግሞ 50 ኪሎ ኦም ቮልዩም።

ልጁ ቁልፉን ገና ትንሽ ሲያዞረው ድምፁ ጎረነነ፣ ከዛ ሳሳ፣ ከዛ ጭጭ። ቀና ብሎ «ጋሼ ታነቀብኝ» አለኝ፣ አሁንም ድረስ ሱቅ ውስጥ ድምፅ ሲጠፋ «ታነቀ» ነው የምንለው።

እዚህ ጋ ነው ጥፋቴ። የመጀመሪያ ሀሳቤ አይሲዋ ናት፣ የተነቀለች ናት፣ አይታመንም አልኩ። ቀየርናት፣ ታነቀ። አዲስ ገዛን፣ ታነቀ። 4558 አስገባን፣ ከድሮ ቴፕ የነቀልኩት፣ እግሯ አንድ አይነት ስለሆነ ልክ ይገባል፣ እሷም ታነቀች። ካፓሲተር ቀየርን። ቦርዱን ሙሉ በሙሉ አፍርሰን ልጁ እንደገና በየደው፣ የመጀመሪያው ብየዳው አስቀያሚ ነው ብዬ፣ በርግጥ አስቀያሚ ነበር ግን ችግሩ እሱ አልነበረም። ሶስተኛው ቀን ላይ የፊልተሩ ስእል ውሸት ነው ማለት ጀምሬ ነበር። 20 አመት የሰራ ሰው መልቲሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ብልሽት ሲፈልግ አስቡት።

አራተኛው ቀን ላይ ልጁ ነው የለካው፣ ነገሩን አውቆ ሳይሆን ሰልችቶት። 555ቷን ነቀለ፣ ምንም ድምፅ ሳይገባ ጥቁሩን ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ቀዩን እግር 1 ላይ አደረገና ቁልፉን ቀስ እያለ ማዞር ጀመረ። 4.6። 5.3። 6.1። 7.0። 7.8 ላይ ቆመ፣ ከዛ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢያዞረው 7.8 ነው። ሁለታችንም ዝም አልን።

ገብቷችሁ ይሆናል። 10 ኪሎ ኦሟን ያሰርናት ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ነው። ስእሉ ላይ ግራውንድ ስለሚል። ስእሉ ግን የተሰራው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 12 ቮልት ላለው እቃ ነው፣ እዛ ላይ ግራውንድ ማለት መሃል ማለት ነው። እኛ ጋ መሃሉ 4.6 ነው፣ ኔጌቲቩ ግን ታች ነው። ስለዚህ አይሲዋ ድምፁን ብቻ ሳይሆን 4.6 ቮልቱንም አብራ ታባዛለች፣ ጌይን 1.7 ሲደርስ 7.8 ሆነ፣ 358 ደግሞ ከባትሪው አንድ ቮልት ተኩል ያህል ዝቅ ብላ ነው ጣሪያዋ፣ ጣሪያው ላይ ተለጥፋ ቀረች። 4558 ብትሆንም ሌላ ብትሆንም ያው ነው።

አንድ ገመድ ነቅለን መሃሉ ላይ አሰርነው፣ መሃሉና ኔጌቲቩ መካከልም 100 ማይክሮ ፋራድ አደረግን መሃሉ እንዳይወዛወዝ። ለካን፣ ቁልፉ የትም ቢሆን 4.6። አምፕሊፋየሩን ከፈትነው፣ ቁልፉን አዞረው፣ «ባ» አለ። ልጁ ሱቁ ውስጥ ሲዘል እልልታ ብቻ ነው የቀረው። (በነገራችን ላይ 10 ኪሎ ኦሟን ኔጌቲቭ ላይ እንዳለች ትቶ በተርታ 10 ማይክሮ ፋራድ ማስገባትም ይሰራል፣ ካፓሲተር ቋሚውን ቮልት አያሳልፍም።)

ከዛ በኋላ የመጡት

ችግሩ አላለቀም ግን ከዚህ በኋላ ያሉት ምክንያታቸው የሚታይ ነው።

አንደኛ፣ ሬዞናንሱ እብድ ነበር። ቁልፉ ግማሽ ሳይደርስ ፉጨት ይጀምራል። 10 ኪሎ ኦም ላይ ጌይን 3 የሚሆነው ቮልዩሙ 20 ኪሎ ሲሆን ነው፣ የኛ ቮልዩም 50 ነው፣ ስለዚህ ከ40 በመቶ በላይ ያለው ሁሉ ጩኸት ነው፣ የሚጣፍጠው ክፍል ደግሞ ከ36 እስከ 40 በመቶ መካከል ተጨብጧል፣ በጣት ልትይዘው አትችልም። 20 ኪሎ ኦም ቮልዩም ማርቆስ ፈልገን አጣን። 50ው ላይ በጎን (ፓራለል) 33 ኪሎ ኦም በየድን፣ ሁለቱ አንድ ላይ 19.9 ይሆናሉ፣ ጌይኑ ጥግ ላይ 2.99 ነው። ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው፣ በጎን የገባችው ሬዚስተር ጣሪያውን ዝቅ ከማድረጓም በላይ የሚጣፍጠውን ክፍል ዘረጋችው፣ ኪው 5 የሚሆነው አሁን 79 በመቶ ላይ ነው፣ 10 የሚሆነው 90 ላይ። የአንዲት ሬዚስተር ዋጋ።

ሁለተኛ፣ ጫፉን የሚያዞረው ቁልፍ ላይ ሬዞናንሱ አንዱ ጋ ይጮሃል ሌላው ጋ ይሞታል። ሁለት ምክንያት አገኘን። 555 የምታወጣው ድምፅ በጣም ትልቅ ስለሆነ በ100 ኪሎና በ10 ኪሎ ቀንሰናት ነበር ወደ 0.7 ቮልት፣ ግን ያ መቀነሻ ራሱ 9 ኪሎ ኦም ሆኖ የመጀመሪያው ሬዚስተር ላይ ይደመራል፣ እኩል መሆን ያለባቸው ሁለቱ እኩል አልነበሩም። አይሲዋ ውስጥ ስራ ፈት የተቀመጠች ሁለተኛ ግማሽ ስላለች እሷን መሃል አስገባናት፣ እግር 6 እና 7 ተያይዘው ድምፁ በ5 ይገባል፣ አለቀ። ሌላው ምክንያት ድርብ ቮልዩሙ ነው፣ የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ቮልዩም ነው፣ መሃል ላይ ስንለካው አንዱ 6.1 ሌላው 7.4 ኪሎ ኦም። ያንን መፍትሄ አላገኘንለትም፣ ከነጉድለቱ ነው ያለው።

ያ ቮልዩም ሌላም ጸባይ አለው። ኤ የሚል የተጻፈበት ሎግ ነው፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚጨምር፣ ለዚህ ስራ አካሄዱ ለጆሮ ደስ ይላል ግን በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ ወደ ቀኝ ስታዞር ድምፁ ይጨልማል። ልጁን ልቀይርልህ ወይ ስለው ባለማሲንቆው ጣልቃ ገብቶ «ቧንቧስ ወደ ቀኝ አይደል የሚዘጋው» አለ። ቀረ።

ሶስተኛ፣ 358 ድምፁ ዝቅ ሲል ቀጭን ማንኮራፋት ነበራት፣ መውጫዋ ከላይ ወደ ታች ስትሻገር ትሰናከላለች። 4558ን መለስናት፣ ጠራ። 4558 ላይ ሲጮህ የሚሰነጠቅ ነገር ስለነበረ ደግሞ ከእግር 1 ወደ 2 ባለው ቮልዩም ላይ በጎን ሁለት ትንንሽ ዳዮድ ፊትና ኋላ አድርገን በየድን፣ 1ኤን4148፣ ቀይ ብርጭቆ የምትመስለዋን። ድምፁ ሲበዛ እነሱ ይከፈቱና ጌይኑን ያወርዱታል፣ ጩኸቱ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይለሰልሳል።

የሞከርነውና የጣልነውም አለ። በእግር እንዲነዳ ብለን ሁለት የብርሃን ሬዚስተር ከአንድ ኤልኢዲ ጋር በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልን፣ ሁለቱ ለአንድ ብርሃን የሚሰጡት መልስ ስለሚለያይ ሬዞናንሱ ዘለለ፣ ተውነው። የዋይፋይ እቃ 9 ቮልት አዳፕተርም ሞከርን፣ ሲሲሲ ይላል፣ ባትሪ ይሻላል።

ሰርጉ ላይ

ድንኳን ውስጥ፣ ጀነሬተር ውጪ እየጮኸ፣ ሳጥኗ ከማይክ ጎን ሁለተኛው ቻናል ላይ። ልጁ ሬዞናንሱን ወደ 70 በመቶ አካባቢ ትቶ «ቧንቧውን»፣ ማለትም ጫፉን የሚያዞረውን ቁልፍ፣ ብቻ ቀስ እያለ ይከፍታል ይዘጋል። ትዝታ ላይ በጣም ያምራል። ቧንቧው ሲከፈት ጫፉ በ330 በኩል ሲያልፍ አምስተኛዋ ድምፅ ትዘፍናለች፣ 550 ላይ ደግሞ ሶስተኛዋ፣ ሁለቱም ሜጀር ትዝታ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ሰው የማሲንቆው ይመስለዋል።

አንቺሆዬ ሲጀምር ግን ባለማሲንቆው ፊቱን አዞረና በዓይኑ «አጥፋው» አለ። ያኔ አልገባንም ነበር፣ በኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው አንቺሆዬ ውስጥ ያቺ ሙሉ አምስተኛ ድምፅ የለችም፣ በሷ ፈንታ ግማሽ ዝቅ ያለችው ናት ያለችው። ፊልተሩ ደግሞ ልክ የሌለችውን ድምፅ እያጎላ ያወጣል። የሳጥኗ ብልሽት አይደለም፣ የካሬ ሞገድ ተፈጥሮ ነው። አሁን አንቺሆዬ ሲመጣ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ይዘጋል፣ 142 ላይ ዋናው ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ ሬዞናንሱም ወደ ዜሮ።

ለሚሰራ ሰው

ድምፅ ከማስገባትህ በፊት የአይሲውን መውጫ በቋሚ ቮልት ለካ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ከዳር ዳር እያዞርክ። ግማሹ ላይ ካልቆመ አይሲ አትቀይር። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ እኛን 4 ቀን በልቷል።

የሰው ስእል ስትገለብጥ መጀመሪያ ፓወሩን እይ። በአንድ ባትሪ የምትሰራ ከሆነ ስእሉ ላይ ግራውንድ የሚለው እያንዳንዱ ቦታ መሃል ነው ወይስ ኔጌቲቭ ብለህ አንድ በአንድ ጠይቅ። የድምፅ ከሆነ አብዛኛው መሃል ነው፣ የአይሲዋ እግር 4 ግን ኔጌቲቭ ነው።

የተነቀለ እቃ መጠቀም አያሳፍርም፣ ቮልዩም ግን ለክተህ ተጠቀም፣ ካፓሲተርም ጥንዶቹን ከአንድ ቦርድ ንቀል። የሚፈለገው ቮልዩም ከጠፋ በጎን ሬዚስተር አስገባበት፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስላው።

ደግሞ ከሙዚቀኛው ጋር ቁጭ በል። እኔና ልጁ ስለ ኪው ስናወራ ሳምንት ፈጀን፣ አንቺሆዬን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

አሁን ያለችበት

ሳጥኗ ከጫማ ካርቶን ወደ ቆርቆሮ የሻይ ቅጠል ጣሳ ተዛውራለች፣ ጣሳው መሃሉ ላይ ሳይሆን ኔጌቲቩ ላይ ታስሯል፣ ከእጅ የሚገባው ጉምጉምታ ቀንሷል። ድርብ ቮልዩሙ አሁንም 6.1 እና 7.4 ነው፣ መሃል አካባቢ ሬዞናንሱ ትንሽ ይደክማል፣ ባለማሲንቆው እዛ ቦታ ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጎበታል፣ እዛ ጋ አይቆምም፣ አልፎ ነው የሚሄደው።